ባቄላው ውሃ አልጠጣ አለኝ

ከጓዳ እስከ ማሳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አራዳ አካባቢ ማታ ማታ ንፍሮ እሸጣለሁ። ለጾሙ ብዬ ሁለት ማዳበሪያ ባቄላ ገዛሁ። አንዱ ከወገራ የመጣ የዘንድሮ ነው። ሌላው ነጋዴው ዘንድ የከረመ ነው። ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል፤ ረከስ ስላለልኝ ወሰድኩት። ሁለቱንም ማታ ዘፍዝፌ ነው ጠዋት የምጥደው። የወገራው ቅቤ መስሎ ይበስላል። ግን በመሃል በመሃል ጠጠር የሆነ ፍሬ አይጠፋበትም። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ «ጥርሴን!» ብሎ ሳህኑን አስቀምጦልኝ ሄደ። የከረመው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ውሃውን ጠጥቶ ድንቡሽ ብሎ ያድራል። ሳየው ደስ ይለኛል። እሳት ላይ ሲወጣ ግን ግማሽ ቀን ከሰል በልቶም አይበስልም። ጎረቤቴ «ኬሚካል ተነክሮ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ፕላስቲክ ነው» አለችኝ። ምን ይሻለኛል? ሶዳ ልጨምርበት?
ባለ ንፍሮዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ሁለት ማዳበሪያ ገዝተሽ ሁለት የተለያየ ችግር ነው ወደ ቤትሽ ያስገባሽው። የወገራው ውስጥ ያሉት ጠጠሮች ቅርፊታቸው ውሃ የከለከላቸው ናቸው። የከረመው ግን ቅርፊቱ ውሃውን አስገብቷል፤ እምቢ ያለው ውስጡ ነው። ሁለቱንም «አልበስል አለ» ብለሽ አንድ ስም ስለሰጠሻቸው ነው ግራ የገባሽ።

ስለ ፕላስቲኩ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እያንዳንዷ ፍሬ ላይ ያቺን ጥቁር ምልክት እየቀባ ፕላስቲክ ባቄላ የሚሠራ ነጋዴ ካለ እንጀራው ከባድ ነው። ኬሚካሉን ግን በቀልድ አላልፈውም። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ እህል እንዲታወቅ ቀለም ይደረግበታል። ቀይ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። እንዲህ ያለ ባቄላ ካየሽ ታጥቦም ቢሆን አይበላም፤ ለዶሮም አይሰጥ። ያንቺ ቡኒነት ግን የዕድሜ ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጠጠሮቹ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሥራዬ ዘር መቁጠር ነበር። የዘር መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ 400 ፍሬ ተቆጥሮ፣ በመቶ በመቶ ተከፍሎ እርጥብ ወረቀት ወይም አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ቀኑ ሲደርስ ደህና የበቀለው፣ ተጣሞ የበቀለው፣ የሞተው እየተለየ ይጻፋል። ከእነዚህ ሌላ «ጠጣር ዘር» የሚል ዓምድ አለ። እኔ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ጠጣሮቹን ከሞቱት ጋር ደምሬ አስረከብኩ። አለቃዬ ምንም ሳይናገር መዝገቡን መለሰልኝና አንድ ፍሬ በጣቴ እንድጫን አደረገኝ። የሞተ ዘር ስትጫኚው ፍርክስ ይላል፣ ውሃ ያወጣል፣ ይሸታል። ጠጣሩ ግን ሳምንት ሙሉ ውሃ ላይ ተኝቶ ልክ እንደገባ ነው የሚወጣው። ደረቅ ነው። ሕይወቱም ውስጡ አለ። 400 ፍሬ እንደገና ቆጠርኩ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ቅዳሜ ገበያ ሄጄ የወገራ ባቄላ አንድ ጣሳ ገዛሁ። 50 ፍሬ ቆጥሬ ብርጭቆ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ጠዋት 43ቱ አብጠዋል። ሰባቱ ከታች ቁጭ ብለዋል፣ ሲነኩ ብርጭቆውን ቃ ቃ ያደርጋሉ። ከሰባቱ አራቱን አወጣሁና ጎናቸውን የበረንዳዬ ሲሚንቶ ላይ ፈገፈግኳቸው። ብዙ አይደለም፤ ቡኒው ተልጦ ነጣ ያለው እስኪታይ ብቻ ነው። ሦስቱን እንዳሉ ተውኳቸው። ሰባቱንም መልሼ ውሃ ውስጥ አኖርኩና ቡና ላፈላ ገባሁ።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ የተፈገፈጉት መሸብሸብ ጀምረዋል። ይህን ቀርበሽ እዪው፣ ደስ ይላል። መጀመሪያ የሚጠጣው ቅርፊቱ ራሱ ነው። ውሃ ሲጠጣ ይሰፋል፤ ውስጡ ገና ስላላበጠ ልብሱ ይሰፋበታል። እና እንደ አሮጊት ጉንጭ ይጨማደዳል፤ መጀመሪያ በተፈገፈገው በኩል፣ ከዚያ እየዞረ። ወደ ማታ ውስጡ አብጦ ልብሱን ሞላው። ጨማዳው ጠፋ። ሦስቱ ያልተነኩት ዛሬም ብርጭቆው ውስጥ ቃ ይላሉ። ዘመድ መጥቶ ይያቸው ብዬ ሳልጥላቸው አራተኛ ቀናቸው ነው።

ያ በሲሚንቶ የተላጠው ነገር ምንድን ነው? ይህን ካወቅሽ ሌላው ቀላል ነው።

የባቄላን ቅርፊት አንድ ልጣጭ አድርገሽ አትቁጠሪው። ድርብርብ ነው። ከሁሉም በላይ በጣም ስስ የሆነ፣ ቅባትና ሰም ያለበት ሽፋን አለ። ኩቲክል ይባላል። የጧፍ ሰም ነጠላሽ ላይ ከፈሰሰ ያቺ ቦታ ውሃ አትይዝም አይደል? እንደዚያ ነው። ይህ ሽፋን እንከን ከሌለው ውሃው ከላዩ ይንሸራተታል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለው ግን በዚያው ይገባል። አኩሪ አተር ላይ በደንብ ተጠንቷል። ውሃ የሚጠጡት ዘሮች ኩቲክላቸው ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች አሉ፤ ጠጣሮቹ ላይ የሉም። ሰሙም የተሠራበት የቅባት ዓይነት በሁለቱ ይለያያል።

ከሰሙ በታች ረጃጅም ሴሎች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። እንደ ጎጆ ግድግዳ አስቢያቸው። የቆመው እንጨት ሴሉሎስ ነው። በእንጨቱ መሃል የተመረገው ጭቃ ደግሞ ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ ማርማላታን የሚያረጋው እሱ ነው። ተራ ጭቃ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ፔክቲንም ብቻውን ቢሆን እንደዚያው ነበር። ነገር ግን ዘሩ እየደረቀ ሲሄድ ፌኖልና ታኒን የሚባሉ፣ አፍ የሚያስሩ ነገሮች ጭቃው ውስጥ ይሰርጋሉ። ድንች ልጠሽ ስታቆዪው ይጠቁር የለ? ቅርፊቱ ላይም የሚሆነው የዚያ ወንድም ነው። አየር ሲያገኛቸው ይቀየራሉ፣ ይደነድናሉ፣ የሴሉን ግድግዳ ይዘጋሉ። የዱር አተር ላይ ይህን ሞክረውታል። ኦክስጅን በሌለበት ሲያደርቁት ቅርፊቱ ውሃ ያስገባል። አየር እያገኘ ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ይሆናል። ዘሩ ያው፣ እርሻው ያው፤ ለውጡ የመጣው ከአደራረቁ ነው።

ለዚህ ነው ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ቆባ የወጡ ሁለት ፍሬዎች እንደ ሁለት ሰው የሚለያዩት። አንዷ ቀስ ብላ ደረቀች። ሌላዋ አውድማው ላይ ፀሐይ አናቷን መታት፣ ከልክ በላይ ደረቀች። እጅግ የደረቀ ጥራጥሬ ቅርፊቱ ጠጣር የመሆን ዕድሉ ይጨምራል።

ቀለሙም ይናገራል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ። ደምቢያ የሚዘራውን ሽምብራ ውሰጂ። የሀበሻው ቡናማ ሽምብራ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ ታኒን አለበት። ነጩ፣ ትልልቁ፣ እንደ አረርቲ ያለው፣ አበባው ነጭ ነው። ቅርፊቱ ስስና ገርጣ ያለ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘፍዝፊና እዪ። ነጩ ቀድሞ ያብጣል። አበባና ቅርፊት ቀለማቸው አብሮ መሄዱን ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ጥናቱ ጽፎታል። የኔ እናት ፊደል ሳትቆጥር ታውቀው ነበር። ነጭ አበባ ያለውን አተር ስታይ «ይሄ ለወጥ ነው» ትል ነበር።

ያቺ ጥቁር ምልክትስ? እሷ እትብት ናት። ፍሬዋ ከቆባዋ ጋር የተያያዘችበት ጠባሳ ነው። አጠገቧ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ውሃ በጎን መግባት ሲያቅተው በዚህ በኩል ይሞክራል። እትብቷ ግን ተንኮለኛ ናት። ሃይድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 (እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጁ በተከፈተበት ዓመት ማለት ነው) በማገጥና በግብጦ ወገኖች ላይ ያየውን ጽፏል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ስንጥቋ ትከፈታለች፤ ከውስጥ ያለው እርጥበት ይወጣል። አየሩ ሲረጥብ ጥርቅም ትላለች። ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ማለት ነው። ዘሩ እየደረቀ እንጂ እየረጠበ አይሄድም። ስለዚህ ጠጣሩን ባቄላ አየሩ እርጥብ የሆነ ጓዳ ባስቀምጠው ይለሰልሳል ብለሽ አትድከሚ።

መፍትሔው ከዚህ ይወጣል። ጠጣር ፍሬ ልብሱ መቀደድ ነው ያለበት። አያቶቻችን ይህን አሹቅ ሲሠሩ ያውቁታል። አሹቅ መጀመሪያ ይቆላል፣ ከዚያ ይዘፈዘፋል። ለምን? ሲቆላ ቅርፊቱ ጠሽ ጠሽ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ውሃውም በስንጥቁ ይገባል። ጥሬውን ዘፍዝፈሽ ያላሸነፍሽውን ባቄላ ምጣድ ያሸንፈዋል። ላንቺ የምመክርሽ ይኸው ነው። የወገራውን ማታ ዘፍዝፊ። ጠዋት ከማጠብሽ በፊት እጅሽን አግቢና አገላብጪ፤ ያላበጠው በጣት ይታወቃል፣ ያንሳል፣ ያንሸራትታል። ልቀሚው። የተለቀመውን አድርቀሽ አጠራቅሚና አሹቅ አድርጊው። አሹቅም እኮ ይሸጣል። ሰውየውም ጥርሱ ይተርፋል።

አሁን የከረመው። «እያደር ጥሬ» የሚባለው ስድብ ለዚህ ባቄላ የተሰፋ ይመስለኛል። ዕድሜ ሲጨምር መብሰል ሲገባው የባሰ ጥሬ ይሆናል።

ሙከራው ቀላል ነው። ካበጠው ውስጥ አሥር ፍሬ ውሰጂና ቅርፊቱን በእጅሽ ግፈፊው። ራቁቱን ቀቅዪው። ተገፎም አልበስል ካለ ቅርፊቱ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ የውስጡ ነው። እርግጠኛ ነኝ እንደዚያ ነው የምታገኚው፤ ምክንያቱም ውሃውን ጠጥቶ አድሯል።

ውስጡ ምን ሆነ? ጥራጥሬ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሉ። ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር ታስረው ነው የሚቀመጡት። እህሉ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ ሲከርም፣ በተለይ ቆርቆሮ ሥር ታፍኖ፣ ፋይቴቱ ቀስ እያለ ይፈርሳል። ካልሲየሙ ይፈታና ሄዶ ሴሎቹን ያጣበቀውን ፔክቲን ይይዛል። ጭቃው ውስጥ ኖራ ገባበት ማለት ነው። የፋሲልን ግንብ ድንጋይ ለድንጋይ ያያዘው ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ የካልሲየም ነገር ነው። ግንቡ ክረምት ከክረምት ዝናብ እየጠጣ አልፈረሰም። ያንቺም ባቄላ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይፈርስም። ንፍሮ በሰለ የምንለው ሴሎቹ ተለያይተው አፍ ውስጥ ሲፈረከሱ ነው። እዚህ ግን አይለያዩም። ቡኒነቱም ከዚያው ነው፤ ቅርፊቱ ውስጥ ያሉት ፌኖሎች ሙቀትና ዕድሜ ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። ባቄላ ስትገዢ ቀለሙን የምታዪው ለዚህ ይሁን።

ነገሩ ያስቃል። በጣም ሲደርቅ ቅርፊቱ ይደነድናል። በሙቀት ሲረጥብ ውስጡ ይደነድናል። ገበሬው ምን ያድርግ! ቀዝቀዝ ያለ፣ ነፋሻ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ጎተራ የሚባለው እንግዲህ ለዚህ ነው።

ሶዳው ይሠራል። አልክድሽም። ኖራውን ያላላል። ግን ሲበዛ ንፍሮውን ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል፤ ቢ1 የሚባለውን ቪታሚንም ይገድላል። ጾመኛ ከሥጋና ከወተት ርቆ ባቄላ ላይ ተደግፎ ሳለ ከባቄላውም ቪታሚን መቀማት አይሆንልኝም። ከሶዳ በፊት ጨው ሞክሪ። መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ በሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ አሳድሪው። ጠዋት ድፊው፣ አጥበሽ በአዲስ ውሃ ጣጂ። ጨው የካልሲየሙን ቦታ እየተካ ያለሰልሳል። «ጨው ባቄላን ያጠጥራል» የሚሉሽን አትስሚ። የሚያጠጥረው ቲማቲምና ሎሚ ነው፤ እነሱን ከበሰለ በኋላ።

ማንቆርቆሪያሽንም ክፈቺና እዪ። ከውስጥ ነጭ ቅርፊት ይዞ ከሆነ ውሃሽ ራሱ ካልሲየም ያመጣል። ያኔ የዝናብ ውሃ፣ ወይም ፈልቶ የጠለለ ውሃ ይሻልሻል።

ደግሞ ያለንበትንም አገር አትርሺ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ከዚያ በላይ ከሰል ብትቆልዪበት ሙቀቱ አይጨምርም፣ እንፋሎቱ ነው የሚበዛው። መተማ ያለችው እህቴ ቶሎ የምታበስለውን እኔ አዘዞ ላይ ሰዓት እጨምርበታለሁ። የሚያተርፍሽ ክዳኑ የሚጠብቅ የግፊት ድስት ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። የአንድ ጾም ከሰል ደምረሽ አስቢው።

እና ያንን የከረመ ማዳበሪያ እኔ ብሆን ለንፍሮ አልለፋበትም። ቆልቼ፣ ከክቼ ወፍጮ ቤት እልከዋለሁ። ፔክቲን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ወፍጮ ይፈጨዋል። ሽሮው ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ይበላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ማክሰኚት አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። ለከብት መኖ የሚተከለው የትሪ ሉሰርን ዘር ደረሰን። ግማሹን እንዳለ ፕላስቲኩ ላይ ዘራሁት፤ በሦስት ሳምንት ከመቶ አምስት እንኳ አልወጣም። «ቀቅሉት» ሲሉኝ ቀሪውን ድስት ውስጥ አድርጌ አፈላሁት። እሱ ደግሞ በሰበሰ። ኃላፊዬ ዘሩ የሞተ ነው ይላል። እኔ ደግሞ እኔ የገደልኩት እየመሰለኝ ነው።
የችግኝ ሠራተኛው

መልስ፦ የመጀመሪያውን አልገደልክም። ሁለተኛውን አዎ፣ ቀቅለህ በልተኸዋል ማለት ይቻላል። አይዞህ፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ከዚህ የባሰ አድርጌያለሁ።

ትሪ ሉሰርንም፣ ግራሮችም፣ ሉኪኒያም የባቄላ ዘመዶች ናቸው። ለባለ ንፍሮዋ የጻፍኩትን ቅርፊት አንብብ። የእነዚህ የባሰ ነው፤ ሰሙም ግድግዳውም ጥብቅ ነው። ግን ከእትብታቸው አጠገብ ሌንስ የሚባል ትንሽ ጉብታ አለ። ግድግዳው የሚደክምባት አንዲት ቦታ ናት። ድንገተኛ ሙቀት ሲያገኛት ትሰነጠቃለች፤ ውሃው በዚያ ይገባል። ከዘሩ የምትፈልገው ያቺን ስንጥቅ ብቻ ነው። መቀቀል ግን ከስንጥቁ አልፎ ሽሉን ያበስለዋል።

ስለዚህ ውሃውን አፍላ፣ ከእሳት አውርድ። ዘሩን ባልዲ ውስጥ አድርግና ውሃውን ከላይ አፍስበት፤ ውሃው ከዘሩ አምስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። እሳት ላይ አትመልሰው። እዚያው ቀዝቅዞ ይደር። ጠዋት ያበጠውን ለይተህ በዚያው ቀን ዝራ፤ አብጦ ከዋለ ይታፈናል። ያላበጠውን እንደገና ድገመው። ከሁሉ በፊት ግን 20 ፍሬ ብቻ ሞክር። ሙሉውን ባልዲ በአንድ ጠዋት አትወራረድበት።

ዘሩ ጥቂት ከሆነ የጥፍር መቁረጫ ይበቃል። ከእትብቱ በተቃራኒ በኩል ጫፉን ነካ አድርገው። ሽሉ ወደ እትብቱ ስለሚጠጋ በዚያ በኩል አትንካው። የባትሪ አሲድ የሚመክሩህ ካሉ እንዳትሰማ። አሲድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራበታል፤ አውቃለሁ፤ ሠርቼበታለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሱሪው ወንፊት ሆኖ ቤቱ የገባበትን ቀንም አውቃለሁ። ዓይኑ ላይ ቢሆን ኖሮስ?

ለኃላፊህ ደግሞ ይህን ንገረው። ዘሩ አልሞተም፣ እየጠበቀ ነው። ግንቦት ላይ ድንገት አንድ ዝናብ ይጥልና ይጠፋል፤ ሁልጊዜ የምናየው ነው። ሁሉም ዘር ያኔ ቢበቅል ሁሉም ይደርቃል። ቅርፊታቸው የላላው ይወጣሉ፤ የጠነከረው ሰኔ ግም ሲል፣ አንዳንዱም በሚቀጥለው ዓመት፣ አንዳንዱም ፍየል ውጣው በበጠጧ ከወጣ በኋላ ይበቅላል። እንዲህ ያለ ቅርፊት ምን ያህል ይጠብቃል ብለህ ከጠየቅከኝ፣ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ከደረቀ ሐይቅ ሥር የወጣ የሎተስ ዘር አለ። ዕድሜው ሲለካ 1,300 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቅርፊቱን ሞርደው ውሃ ላይ አስቀመጡት፣ በቀለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ነው የታተመው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ያ ዘር ጭቃ ውስጥ ከተኛ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውት ነበር። ያንተ ትሪ ሉሰርን በሦስት ሳምንት ተስፋ አትቁረጥበት። የዘራኸውን ፕላስቲክ አትድፋው፤ ክረምቱ ውስጥ ሲወጣ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ 10ኛ ክፍል ነኝ። ባቄላ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፣ ተልባ ግን ይንቦጨቦጫል። ሁለቱም ቅርፊት አላቸው። ለምን?
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ባቄላ ውሃ ሲነካው አይጠነክርም፤ የጠነከረው ከመንካቱ በፊት ነው። ጥያቄሽ ግን ጥሩ ነው። የተልባ ቅርፊት ውጫዊ ሴሎች ሰም ከመደርደር ይልቅ ውሃ የሚወድ የስኳር ሰንሰለት ሞልተው ነው የሚደርቁት። ያ ሰንሰለት ከባለ ንፍሮዋ ፔክቲን ጋር አንድ ወገን ነው፤ እዚህ ግን የሚያጠብቀው ነገር የለም። ውሃ ሲያገኝ አብጦ ሴሉን ይቀድና ይወጣል። ዘሩን አቅፎ እርጥበት ይይዝለታል፣ ከአፈር ጋርም ያጣብቀዋል።

ቤት ውስጥ ማየት ከፈለግሽ ከተልባ የበሶብላ ዘር ይሻላል። አንድ ቁንጥር ለብ ያለ ውሃ ላይ ጣዪ። ጥቁሯ ፍሬ ነጭ ካባ ለብሳ ስትወጣ ቆመሽ ታያለሽ፤ ደቂቃ አይፈጅም።